«ልጄን የት ላስመዝነው?»፦ ደብተሩ ባዶ የሆነ ፈጣን ልጅ

ጥያቄ፦ «የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ማንም ሳያስተምረው በሦስት ዓመት ተኩሉ ማንበብ ጀመረ። ስለ ፕላኔቶችና ከዜሮ በታች ስላሉ ቁጥሮች ሲያወራ ቢውል አይሰለቸውም። ትምህርት ቤት ስሄድ ግን የሚነገረኝ ክፍል እንደሚረብሽ፣ ሥራ እንደማይጨርስና ደብተሩ ባዶ እንደሆነ ነው። ጨዋታ ከተሸነፈ ያለቅሳል፤ ማታ ማታ ደግሞ ስለ ሞት ይጠይቀኛል። ልዩ ተሰጥኦ እንዳለው አምናለሁ። የት ላስመዝነው? የትኛው ፈተና ይሻላል? ደብልስ ቢመታ? ቤት ውስጥ ምን ላቅርብለት? አባቱ ‹ልጄ በቁጥር አይለካም› ብሎ ምዘናውን አልፈለገውም።»

ምላሽ፦

ይህን የምጽፈው ለእርስዎም ለባለቤትዎም ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ እየተቸገረ ስለሆነ ነገሩ በዝምታ መታለፍ የለበትም፤ በዚህ እርስዎ ትክክል ነዎት። ቁጥር ብቻ ይዞ ወደ ቤት መመለስ ለልጁ ምንም እንደማይፈይድለት ደግሞ አባቱ ትክክል ናቸው። ስለዚህ የፈተና ስም ከመጥራታችን በፊት፣ ውጤቱ የትኛውን ጥያቄ እንዲመልስላችሁ እንደምትፈልጉ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ጻፉ። «ልጄ ልዩ ተሰጥኦ አለው ወይ?» የሚለው ብቻውን ባለሙያን ብዙ አያሠራም። «በቃል እንዲህ አሳምሮ የሚያስረዳ ልጅ ለምን አይጽፍም?» የሚለው ያሠራል። «ሒሳብን ከፍ ካለ ክፍል ጋር ቢማር ይችለዋል ወይ?» የሚለውም እንዲሁ። ምዘና ዋጋ የሚኖረው ከበስተኋላው የሚጠብቅ ውሳኔ ሲኖር ነው።

ከጻፉልኝ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ባዶው ደብተር ነው። ቀድሞ ማንበብ ጥሩ ምልክት ቢሆንም ብቻውን ብዙ አይነግረንም፤ ቀድመው ካነበቡት መካከል በኋላ ከእኩዮቻቸው ጋር የሚስተካከሉ አሉ፣ ዘግይተው ያነበቡ እጅግ ብሩህ ልጆችም አሉ። ደብተር ባዶ የሚሆነው ግን በሁለት ፈጽሞ በማይገናኙ ምክንያቶች ነው። አንዱ ልጁ የሚያውቀውን ነገር አሥር ጊዜ መድገም ስልችት ስለሚለው ነው። ሌላው ደግሞ ሐሳቡና እጁ እኩል ስለማይራመዱ፣ መጻፍ ለእሱ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ እጅግ አድካሚ ስለሚሆንበት ነው። መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው ከባድ ሥራ ይሰጠዋል፤ ለሁለተኛው ከባድ ሥራ መስጠት ማባባስ ይሆናል።

የትኛው እንደሆነ ለመጠርጠር ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግዎትም። አንድ ቀን ማታ ስለሚወዳቸው ፕላኔቶች እንዲተርክልዎ ያድርጉና የሚለውን ቃል በቃል ይጻፉለት። በማግስቱ፣ ሳይደክም በፊት፣ ስለዚያው ነገር ራሱ እንዲጽፍ ይጠይቁት። አጠገቡ ይቀመጡ፤ አያርሙት፣ አያጣድፉት። እርሳሱን እንዴት እንደሚይዝ ይመልከቱ። ጣቶቹ ጫፋቸው እስኪነጣ ይጨብጠዋል? አንዱን ፊደል በጻፈው ቁጥር ከሌላ አቅጣጫ ይጀምረዋል? ሁለት መስመር ሳይሞላ እጁን ያራግፋል? ወረቀቱን ተጭኖ ይበሳዋል? ማታ አንድ ሙሉ ገጽ ያስጻፈዎት ልጅ በማግስቱ «ጁፒተር ትልቅ ነው» ብሎ እርሳሱን ካስቀመጠ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ቀን ጽፈውባቸው ያስቀምጡ። ባለሙያ ፊት ሲቀርቡ እነዚያ ሁለት ወረቀቶች ከረጅም ገለጻ በላይ ይናገራሉ።

ልዩ ተሰጥኦና የመማር እክል በአንድ ልጅ ላይ አብረው መገኘታቸው ብዙ ወላጆችን ያስገርማል፤ መምህራንንም እንደዚያው። የጽሕፈት ችግር (ዲስግራፊያ)፣ የንባብ ችግር (ዲስሌክሲያ)፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ እክል) ወይም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እጅግ ብሩህ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አንዱ ሌላውን ስለሚሸፍነው ነው። ብልህነቱ እክሉን ይደብቅለታል፤ እክሉ ደግሞ ብልህነቱን። በመጨረሻም «መካከለኛ ተማሪ፣ ቢጥር ኖሮ የተሻለ ይሠራ ነበር» የሚል አስተያየት ካርዱ ላይ ይጻፍበትና ዓመታት ያልፋሉ። የእርስዎ ልጅ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲህ ሊሆን ስለሚችል ግን፣ የማሰብ ችሎታውን ብቻ ለክቶ ጽሕፈቱን ሳያይ የሚሰናበት ምዘና አያስመዝኑት። ከዚያ በፊት ዓይኑና ጆሮው ይመርመር። ቀላሉና ርካሹ እርምጃ ይኸው ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ይዘለዋል።

የት እንደሚመዘን ላንሳ። የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካለ ከእሱ ይጀምሩ፤ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የጠየቁበትንም ቀን ይመዝግቡ። ከሌለ የሕፃናት ሆስፒታሎች የዕድገት ክትትል ክፍል፣ የሥነ ልቦና ወይም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም የግል ባለሙያዎች አሉ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን የሚያሠለጥኑበት ክሊኒክ ካላቸው አይናቁት፤ ሥራው በመምህር ክትትል የሚካሄድና ብዙ ጊዜ ዋጋው የቀነሰ ነው። የትም ቢሄዱ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ የሰባት ዓመት ልጆችን በመመዘን ልምድ አለዎት? ችሎታም እክልም አብረው ያሉበት ልጅ መዝነው ያውቃሉ? የንባብ፣ የጽሕፈትና የሒሳብ ፈተናም ይጨምራሉ? ውጤቱን ፊት ለፊት ያስረዱናል? ለትምህርት ቤቱ ምን እንደሚደረግ የሚገልጽ ምክር ይጽፋሉ? ለመጨረሻው ጥያቄ «አንጽፍም» ካሉዎ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

ለዚህ ዕድሜ በብዛት የሚሠራበት ፈተና የዌክስለር የሕፃናት የማሰብ ችሎታ መለኪያ ነው። አምስተኛው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሲሆን ከ6 ዓመት እስከ 16 ዓመት ከ11 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው። ሌላው የሚታወቀው ስታንፎርድ ቢኔ ነው። ሁለቱም አንድ ልጅ ከአንድ ባለሙያ ጋር ብቻውን ተቀምጦ የሚሠራቸው ናቸው፤ ዋናው ክፍል አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ ይወስዳል። በእነዚህ ፈተናዎች አማካዩ 100 ነው። ከመቶ ልጆች ስልሳ ስምንት ያህሉ በ85 እና በ115 መካከል ይውላሉ፤ 130ና ከዚያ በላይ የሚያገኙት ሁለት በመቶ ገደማ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚሠሩትን የአይኪው (የማሰብ ችሎታ) ፈተናዎች ከነጭራሹ ይተዋቸው፤ ውጤታቸው ለምንም ውሳኔ አይበቃም።

የዌክስለሩ ፈተና አምስት ነገሮችን ለየብቻ ያያል፦ በቃል ማሰብን፣ ቅርጽና ቦታ መረዳትን፣ አዲስ ችግር መፍታትን፣ ለአጭር ጊዜ ይዞ የመሥራት ትውስታንና የአሠራር ፍጥነትን። የእናንተን ልጅ በሚመለከት ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የአሠራር ፍጥነት የሚለካው በአብዛኛው እርሳስ ተይዞ በሰዓት በሚሠራ ሥራ ነው። እጁ ቀርፋፋ የሆነ፣ ወይም እንዳይሳሳት ተጠንቅቆ የሚሠራ ልጅ፣ በቃል ማሰብ 140 አግኝቶ በፍጥነት 95 ሊያገኝ ይችላል። ሁሉም ተደምሮ አንድ ቁጥር ሲወጣለት፣ ብዙ ጊዜ የልዩ ተሰጥኦ መነሻ ተደርጎ ከሚያዘው ከ130 በታች ሊወርድና «አላለፈም» ሊባል ይችላል። ያ አንድ ቁጥር የትኛውንም ጎኑን በትክክል አያሳይም። ስለዚህ ሪፖርቱን ሲቀበሉ መጀመሪያ አምስቱን ነጥቦች ለየብቻ ይዩ፤ ልዩነታቸው የሰፋ ከሆነ ባለሙያው ትውስታንና ፍጥነትን ሳይጨምር የሚሰላውን «የአጠቃላይ ችሎታ» ነጥብ እንዲያወጣ ይጠይቁ። የአሜሪካ የባለ ልዩ ተሰጥኦ ልጆች ብሔራዊ ማኅበርም ልጆች በአንዱ ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ከልዩ ትምህርት እንዳይከለከሉ አቋሙን በጽሑፍ አሳውቋል። በ140 እና በ95 መካከል ያለው ክፍተት ራሱ «ለምን አይጽፍም?» ለሚለው ጥያቄያችሁ መልስ መስጫ ነው፤ አባቱ በቁጥር ካልተደሰቱ በዚህ ክፍተት እንዲደሰቱ እለምናቸዋለሁ።

ጥቂት ጥንቃቄዎች። እያንዳንዱ ነጥብ ግራና ቀኙ ቢያንስ የአምስት ስድስት ነጥብ ስፋት አለው፤ 128 ያገኘና 131 ያገኘ ሁለት ልጆች በችሎታ ተለያዩ ማለት አይቻልም። የፈተናው እትም ያረጀ ከሆነ ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። ልጁ በደንብ በማይናገረው ቋንቋ የተፈተነ እንደሆነ የቃሉ ክፍል የሚለካው ማሰቡን መሆኑ ይቀርና ቋንቋውን ይሆናል፤ በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይናገሩ። ቃል የማይፈልጉ እንደ ሬቨን ያሉ የሥዕል ፈተናዎች አሉ፤ ጠቃሚዎች ናቸው፣ የሚያሳዩት ግን አንዱን የማሰብ ዘርፍ ብቻ ነው። ደግሞም በሰባት ዓመት የተገኘ ነጥብ በአሥራ ሁለት ዓመት ሊለወጥ ይችላል። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ፈተና ፓሪስ ላይ ሲያዘጋጅ ዓላማው እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች መለየት ነበር፤ ነጥቡ የልጁ ቋሚ ዕጣ ተደርጎ እንዳይወሰድም አስጠንቅቋል። በካሊፎርኒያ የሥነ ልቦና ባለሙያው ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን 1,500 ያህል ልጆች መርጦ ለአሥርተ ዓመታት ሲከታተል፣ ተፈትነው ነጥባቸው ስላልበቃ ከቀሩት መካከል ሁለቱ፣ ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ፣ በኋላ በፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ፈተናው ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ ያገኛቸውን በትክክል አግኝቷል። ያላገኘውን ግን የለም ማለት እንደማይቻል ያስተምረናል።

ከአይኪው ፈተና ይልቅ ትምህርት ቤቱን ቶሎ የሚያሳምን ሌላ መንገድ አለ። ልጁን ከክፍሉ በላይ በሆነ ፈተና መፈተን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጁልያን ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1971 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሥራ በዚህ ላይ የቆመ ነበር፤ የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆችን ለኮሌጅ መግቢያ በሚሰጠው ፈተና ፈተናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በራሱ ክፍል ፈተና መቶ ከመቶ ያገኘ ልጅ አቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃ አይታወቅም፤ ፈተናው ቀድሞ አልቆበታል። ስለዚህ መምህርቷ የያዝነው ዓመት ማጠቃለያ የሒሳብ ፈተናን፣ ከቻሉም የሚቀጥለውን ዓመት፣ አሁኑኑ እንዲሰጡት ይጠይቁ። መልሱን በቃል ይመልስ፣ ሌላ ሰው ይጻፍለት። ሰማንያ ከመቶ ያገኘበትን ምዕራፍ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ እንዲማረው ማድረግ ተገቢ አይደለም። ያልቻለበት ቦታም ይገኛል፤ አንድ ነገር ሳይገባው እንዳለፈ ማወቅ ለእናንተ እኩል ጠቃሚ ነው።

መምህርቷን ሲያነጋግሩ «ልጄ ከሌሎቹ ይበልጣል» በሚል አይጀምሩ። ይህን የሰሙ መምህር፣ ብዙ ተማሪ ይዘው የደከሙ ሰው ናቸውና፣ ወዲያው ይከላከላሉ። ይልቁን ለመሞከር የሚቀል አንድ ነገር ይዘው ይሂዱ። እኔ ደጋግሜ የምመክረው ይህን ነው፦ ለክፍሉ ሃያ ጥያቄ ሲሰጥ መምህርቷ ከባድ የሆኑትን አምስቱን ያመለክታሉ። እነዚያን ቀድሞ ሠርቶ አራቱን ያገኘ ማንኛውም ተማሪ ቀሪዎቹን አሥራ አምስት አይሠራም፤ በዚያ ሰዓት ሌላ የመረጠውን ሥራ ይሠራል። ዕድሉ ለክፍሉ ሁሉ ክፍት ስለሆነ ማንም አድልዎ አይልም፣ መምህርቷም የሚያርሙት ይቀንሳል። ለእናንተ ልጅ ደግሞ የሚጻፈው ነገር በአራት እጥፍ ያንሳል። ያን ጊዜ ደብተሩ ላይ ሥራ መታየት ከጀመረ፣ ችግሩ መሰልቸት ነበር ወደሚለው እናዘነብላለን። አምስቷንም ካልጻፈ ግን ወደ እጁ እንሂድ፤ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (እንደ ጽሕፈት ያሉ የእጅና የዕለት ተዕለት ክህሎቶችን የሚያሠለጥን) ባለሙያ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ደብል ስለመምታት፣ ማለትም አንድ ክፍል ስለ መዝለል። ብዙ ሰው «ማኅበራዊ ኑሮው ይጎዳል» ብሎ ይፈራል። ለአሥርተ ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ታስቦበት ክፍል የዘለሉ ብቁ ልጆች በትምህርታቸው እንደሚገፉ፣ በአማካይም በጓደኝነትና በስሜት ጉዳት እንደማይደርስባቸው ነው። «ታስቦበት» የሚለው ግን ክብደት አለው። በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የውሳኔ መመሪያ፣ ልጁ ራሱ ካልፈለገ ወይም ታላቅ ወንድሙ ወይም እህቱ ካለችበት ክፍል የሚገባ ከሆነ እንዳይደረግ ይመክራል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ለእናንተ ልጅ የእኔ አስተያየት፣ የጽሕፈቱ ነገር ሳይታወቅ ሙሉ ክፍል አይዝለል ነው። ከፍ ባለ ቁጥር የሚጻፈው ይበዛል። በሒሳብ ብቻ፣ በዚያች ክፍለ ጊዜ ከፍ ካለው ክፍል ጋር ይቀመጥ። ይህን ለመመለስ ቀላል ነው፤ ሙሉ ክፍል ዘሎ መመለስ ግን ልጁን ይሰብረዋል።

ማታ ስለ ሞት መጠየቁ ብዙ አያስደንግጥዎት። የእንዲህ ያሉ ልጆች ሐሳብ ከስሜታቸው ቀድሞ ይደርሳል። የአሥር ዓመት ልጅ የሚጠይቀውን ይጠይቃል፣ መልሱን የሚሸከመው ግን የሰባት ዓመት ልብ ነው። በሚያምኑበት መንገድ አጭርና እውነተኛ መልስ ይስጡት፣ ይቀፉት፣ ሌላ ሲጠይቅ ብቻ ይጨምሩ። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ወይም ራሱ መሞትን የሚፈልግ ነገር ከተናገረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የምዘና ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ሁሉንም ነገር በተሰጥኦው ማብራራት አደጋ አለው።

ሲሸነፍ የሚያለቅሰው ነገር ግን በቤት አነጋገር ብዙ ሊሻሻል ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥሩ ከሠሩ በኋላ «ጎበዝ፣ ብልህ ነህ» የተባሉ ልጆች ቀጥሎ ቀላሉን ሥራ መረጡ፤ ከባድ ነገር ገጥሟቸው ከወደቁ በኋላም ውጤታቸው ዝቅ አለ። «ጥረህ ሠርተሃል» የተባሉት ግን ከባዱን ፈለጉ። የእርስዎ ልጅ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ከዘመድ ከወዳጅ «ምን ዓይነት ብልህ ልጅ ነው!» ሲባል እንዳደገ እገምታለሁ። ለእሱ መሸነፍ ማለት «ብልህ አይደለሁም ማለት ነው» ነው። ስለዚህ ያደረገውን ይጥቀሱለት፦ «መጀመሪያ የሞከርከው አልሠራ ሲል ሌላ መንገድ ፈለግህ።» በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ በቀላሉ የማይሆንለትን ነገር ይማር፤ መዋኘት፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ቼዝ ከሚበልጠው ሰው ጋር። ዕድሜውን ሁሉ ሳይለፋ ያገኘ ልጅ መልፋትን የሚማርበት ቦታ ያስፈልገዋል። ከምንም ምዘና በላይ ይህን አጥብቄ እላለሁ፣ ምክንያቱም ከእጄ ያለፉ ብሩህ ታዳጊዎች ብዙዎቹ የተሰናከሉት የመጀመሪያው እውነተኛ ከባድ ትምህርት ሲገጥማቸው ነው።

የቤት ግብዓት ፍለጋ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ነጻ የሆኑትን ይጨርሱ። ካን አካዳሚ ሒሳብን በራሱ ፍጥነት እንዲሄድ ያደርገዋል። ኤንሪች የተባለው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ግን ለእሱ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ ወደ ላይ ከማሮጥ ይልቅ በአንድ ጥያቄ ላይ እንዲቆይ ያስገድዳል፣ አብዛኛውም በመነጋገር የሚሠራ ነው። ፌት የተባሉት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ማሳያዎች ለፕላኔት ወዳጅ ጥሩ ናቸው፤ ስበትን እየጨመረና እየቀነሰ ምሕዋሩ ሲለወጥ ያያል። ለኮዲንግ ስክራች ጁኒየር ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት፣ ስክራች ከስምንት ዓመት ጀምሮ የተዘጋጁ ናቸው፤ ማንበብ ስለሚችል በቀጥታ ስክራችን ቢሞክር አይከፋም። ሁሉም ግን ስክሪን ናቸው። ቤተ መጻሕፍት ይውሰዱት፣ መጽሐፍ ራሱ ይምረጥ፣ ከዕድሜው በላይ የሆነውንም አይከልክሉት፤ ያነበበውን አብራችሁ ተወያዩበት። እንደ እሱ ስለ ከዋክብት ማውራት የሚወድ አንድ ልጅ ወይም አንድ ትልቅ ሰው ማግኘት ከመተግበሪያ ሁሉ ይበልጣል። ቀኑን ደግሞ በኮርስ አይሙሉበት።

ለምዘናው ቀን ልጁን አያለማምዱት። የፈተናውን ዓይነት ጥያቄ ማሠራት ውጤቱን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል፤ ያንኑ ፈተና ቶሎ መድገምም ስለማይመከር ሁለተኛ ዕድል ለማግኘት ብዙ ጊዜ ይጠብቃሉ። ይተኛ፣ ይብላ፣ ካመመው ቀጠሮውን ያዛውሩ። ሲጠይቅዎ እንዲህ ይበሉት፦ «እንቆቅልሽና ጥያቄ የሚጠይቅህ ሰው ጋር ነው የምንሄደው። አንዳንዱ ይቀላል። እየከበደ እየከበደ ሄዶ የማትችለው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሁሉም ልጅ የማይችለው ላይ ይደርሳል፤ እንዲያ ነው የተሠራው።» ሲሸነፍ ለሚያለቅስ ልጅ ይህች ዓረፍተ ነገር የግድ ናት፤ ለመዛኙም ቀድመው ይንገሩ።

ሪፖርቱን ለመስማት ሁለታችሁም ሂዱ፤ ልጁን አትውሰዱት። ቁጥሩን ለእሱ አትንገሩት፤ የሚቀለውንና የሚከብደውን በስሙ ጠርታችሁ ንገሩት። ለትምህርት ቤቱ ሙሉውን ሪፖርት መስጠት ግዴታ ካልሆነ፣ የምክሩን ገጽ ብቻ ሰጥታችሁ መጀመሪያ የሚተገበሩትን ሁለት ነገሮች ከመምህርቷ ጋር ምረጡ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የምትገናኙበትን ቀን እዚያው ቁጭ ብላችሁ ያዙ፤ ያን ቀን የሚታየው ደብተሩ ነው።